የፈየራ ሦስት ቀናት

ያን ማክሰኞ ረፋድ አቃቂ በሰቃ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ታች ይሮጥ ነበር፤ ሃዊ ብቻ ወደ ላይ። አንዱ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፣ ሌላው የት እንደቀረ መንገዱ ይወቀው። ከወፍጮ ቤቱ በኩል የሚሸሹ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው አለፏት።

"ተመለሺ አንቺ ልጅ! ኮሮና ነው! ሻፊ መጋዘን በር ላይ ሰው አረፋ ደፍቆ ወደቀ!"

"የወደቀው ሰው ስም የለውም እንዴ?" አለች ሃዊ ሳትቆም።

"ያ መድኃኒት የሚረጨው ነው፤ ፈየራ!"

ሃዊ ይህንን ከእነሱ መስማት አላስፈለጋትም። ገና ቤት ሳለች የሻፊ ጩኸት በስልክ ደርሷታል። አባቷ ነው የወደቀው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ታክሲ በግማሽ ይጭናል፤ ሰው ሰላም የሚባባለው በክርን ሆኗል። የሃዊ እናት ድንቅነሽ እህቷን ልትጠይቅ ሞጆ እንደሄደች መንገድ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታለች። ሱቅ የተባለ ሁሉ በሩ ላይ ባለቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጧል፤ ደህና ነጋዴ ደግሞ መጋዘኑን ያስረጫል። ለርጭቱ ሥራ አቃቂ ውስጥ ከፈየራ የሚቀድም አልነበረም። አያት ቅድመ አያቶቹ ጤፍ ያበቀሉበት መሬት ላይ ዛሬ የብረት ፋብሪካ ቆሟል፤ ከእርሻው የተረፈችው አንዲት የጀርባ መርጫ ናት። እሷን አዝሎ፣ በረኪና በውሃ በጥብጦ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ትናንት "ጋሽ ፈየራ" ይሉት የነበሩ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ "ዶክተር" አሉት። ማዕረጉም አልከፋውም።

ሰኞ ማታ ሻፊ፣ ያ ምስርና ሽምብራ የሚያከፋፍለው የስልጤ ነጋዴ፣ ቤቱ ድረስ መጥቶ "በረኪናው ሽታው በአንድ ሰዓት ይጠፋል፣ ፈየራ። ጠንከር ያለ ነገር የለህም?" አለው። ፈየራ ከአልጋው ሥር ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ አወጣ። በእርሻው ዘመን ለተባይ የገዛው ነው፤ ግማሹ ቀርቷል። ሃዊም በሩን ተደግፋ ያንን ምላሷን ለቀቀችው።

"ጨምርበት አባዬ! እንኳን ኮሮና፣ ደንብ አስከባሪም አይጠጋው።"

ፈየራ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጠዋት ጨመረበት። መርጫዋ ከታች ታንጠባጥባለች፤ ስታንጠባጥብ ኖራለች፤ በረኪና ሲሆን ሸሚዝ ከማንጣት ሌላ ጉዳት አልነበራትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ፣ ጀርባው እስከ ወገቡ ርሶ፣ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ረጨ።

ሃዊ ስትደርስ አባቷ በመጋዘኑ ደፍ ላይ በጎኑ ወድቋል። ምራቁ፣ ዕንባው፣ ላቡ፣ ንፍጡ፣ ሁሉም ባንዴ ይወርዳል፤ ሰውዬው የቀለጠ ነው የሚመስለው። ክንዱ ላይ ሥጋው ለብቻው ይርገበገባል፣ ከቆዳው ሥር አይጥ የሚሯሯጥ ይመስል። ደረቱ ውስጥ የሚንቆረቆር ነገር አለ። ሰዉ ሃያ እርምጃ ርቆ ክብ ሠርቷል። ሻፊ ማዶ ቆሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

"የአምቡላንሱን ስልክ ስንት ጊዜ ደወልኩ! ተይዟል ነው የሚለው! ያ ረቢ!"

"የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት አሽቺው!" አለ አንዱ፤ ፓኮውን ከሩቅ ወረወረላት። ጀርባዋን መታት።

"እጅህ ከእግርህ ይረዝማል፤ መጥተህ አታሸተውም?" አለችው።

ሃምሳ አለቃ ፀሐዩ በዚህ መሃል ከዘራቸውን አስቀድመው ደረሱ። በቀድሞው ጦር ቁስለኛ የሚያክሙ ድሬሰር ነበሩ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ አስማቸው ደግሞ ከሳቸው በፊት ይደርሳል። እሳቸውም ሃያኛው እርምጃ ላይ ቆሙ። መፍራታቸውንም አልደበቁም። ድምፃቸው ግን አሁንም ሻለቃ ጦር ያሰልፋል።

"ሃዊ! ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማዎታለሁ ሃምሳ አለቃ!"

"ዐይኑን ግለጪና ብሌኑን እዪልኝ። ምን ያህላል?"

ጎንበስ ብላ ገለጠችው። "የለም!"

"እንዴት የለም?"

"የመርፌ ጫፍ ነው የሚያህለው!"

"ሽታውስ?"

"ነጭ ሽንኩርት ነገር። እኛ ደግሞ ወጥ ከሠራን ሦስት ቀናችን ነው።"

ሽማግሌው ለአፍታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። "ኮሮና ብሌን አያጠብም። ይሄ የነርቭ መርዝ ነው። ሐረር ሳለን ለጋዝ ሲያሠለጥኑን ይሄንኑ ሰው በሥዕል አሳይተውናል። መድኃኒቱ አትሮፒን ነው፤ ሆስፒታል ነው ያለው።"

"ወተት ላጠጣው?"

"ጠብታ እንዳታጠጪው፣ ይታነቃል! እጅሽን ፌስታል አልብሺና ልብሱን አውልቂ።"

"ሸሚዙን?"

"ሁሉንም። ክር አይቅር። መርዙ ልብሱ ላይ ነው ያለው፤ አሁንም በቆዳው እየጠጣው ነው። አውልቂና በሳሙና እጠቢው። ሳይታጠብ ብትወስጂው መንገድ ላይ ይቀርብሻል።"

ሃዊ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷን ያለ ሸሚዝ አይታው አታውቅም። ፈየራ እግሩን እንኳ የሚታጠበው መጋረጃ ጋርዶ ነው። የአባት ገላ ለልጅ አይታይም፤ ያየ ዐይን ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲነገራት አድጋለች።

"አንድ ወንድ ይምጣላት እንጂ!" አለች አንዲት ሴትዮ ከኋላ።

ወንዶቹ ተያዩ። ጫማቸውን አዩ። ማንም አልመጣም።

ሃዊ ብድግ አለች። "እሺ፤ ዙሩ! ሁላችሁም ጀርባችሁን ስጡ! አንተ ረዥሙ፣ ስልክህን ካላወረድክ በዚሁ መርጫ ነው የማጥብህ!"

ረዥሙ ስልኩን አወረደ። ሰዉ ዞረ። ሻፊ ጆንያ የሚቀድበትን ቢላ በመሬት አንሸራቶ ላከላት። የመርጫዋን ማሰሪያ ቆረጠች፣ ሸሚዙን ከጀርባው ቀደደች፣ ቀበቶውን ፈታች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዐይኗን መጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ተክላ በዳሰሳ ጨረሰችው። ከሱቁ በር የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን ጎትታ አመጣች፤ ቧንቧውን ከፍታ በሳሙና አጠበችው፤ ሲያልቅ ሌላ ጀሪካን፣ ከዚያም ሌላ። አረፋው ታጥቦ ሲወርድ ሃምሳ አለቃ "ጀርባውን ድገሚ!" ይላሉ፣ ፊታቸውን እንዳዞሩ።

ከሁሉ የከፋው ፈየራ ራሱን አለመሳቱ ነበር። እጁን ወደ ብልቱ ሊወስድ፣ ሊሸፍን ሞከረ። እጁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተርገብግቦ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ። ሃዊ ያንን ያየችው በዐይኗ ጫፍ ነው፤ ያየችውን ግን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም።

በዚያን ጊዜ ሃያውን እርምጃ የሚራመድ ኮቴ ሰማች። ሻፊ ነው። የታጠቀውን ሽርጥ ፈትቶ፣ ራሱ በቁምጣ ቀርቶ፣ ፈየራ ላይ ጣለለትና እግሮቹን አነሳ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ጠንካራ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ጨምርበት ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ" አለች ሃዊ። "ተካፍለነዋል። አሁን አንሳ።"

ባለ ባጃጁ ከውሲ አልጭንም አለ። ከራሱና ከተሳፋሪው መሃል ላስቲክ ጋርዶ፣ ከላስቲኩ በላይ ደግሞ ሁለት ማስክ ደርቧል። "ሃዊዬ፣ ልጆች አሉኝ" አለ። የልጆቹ ነገር እውነት ነው፤ ሁለቱን ታውቃቸዋለች።

"ከውሲ፣ ኮሮና አይደለም ብለዋል ሃምሳ አለቃ።"

"እሳቸው ራሳቸው ለምን አልቀረቡም ታዲያ?"

ሃዊ ላስቲኩን ገልጣ ፊቷን አስጠጋች። "ካልጫንከን እዚሁ ፊትህ ላይ ነው የምስለው። እስከ ማታ ነው የምስለው።"

ከውሲ ራሱን በጎን አውጥቶ፣ እንደ ዳክዬ አንገቱን አስረዝሞ ነዳ። ሻፊ ከኋላ የፈየራን ራስ በጎን ይዞ፣ ሃዊ ያንን ወረቀት አልባ ጠርሙስ ከመጋዘኑ አንስታ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በከባድ መኪኖች መሃል ወደ ቃሊቲ ወጡ። የፈየራ ትንፋሽ አንዴ ይቆማል፤ ሻፊ ደረቱን ይደበድባል፤ ይቀጥላል።

ከቃሊቲው መንገድ ዳር ካለችው ትንሽ ሆስፒታል በር ላይ ጠባቂው የሙቀት መለኪያውን ፈየራ ግንባር ላይ ደገነ። ትኩሳት የለም። ሆኖም "የመተንፈስ ችግር ያለበት ወደ ድንኳኑ" አለ፤ ድንኳኑ ፊት ሰው ተሰልፏል። ሃዊ ጠርሙሱን አውጥታ ጠባቂው አፍንጫ ሥር አደረገችው። "ይሄንን ነው የተነፈሰው። ከፈለግክ አሽትተህ ተሰለፍ።"

ሽታውን ያወቀችው ግን በዚያ የምታልፍ፣ የዝናብ ልብስ የመሰለ ላስቲክ የለበሰች ነርስ ናት። ሲስተር ናዕማ ትባላለች። ጎንበስ ብላ ብሌኑን አየች፤ ተነሥታ "ወደ ውስጥ! ቶሎ! አትሮፒን አምጡ፣ ያለውን ሁሉ!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ በኋላ ያለው መርፌ ነው። አንድ ብልቃጥ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ብልቃጥ፣ አምስት ደቂቃ፣ አራት ብልቃጥ። ናዕማ በየመሃሉ ደረቱን ታዳምጥና "ገና ርጥብ ነው" ትላለች። ትንፋሹ ሲቋረጥ ጭምብል ያለው ፊኛ አፉ ላይ ደፍና በእጇ ትጨምቅለታለች። የብልቃጡ ስባሪ ሳህኑን ሲሞላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፈየራ ምራቁ ደረቀ። ፊቱ ቀላ፤ ማበድም ጀመረ። በሌለ ወንጭፍ ከሌለ ማሳ ወፍ ያባርራል።

"ይህንንማ መድኃኒቱ ነው የሚያመጣው" አለች ናዕማ። "ማበዱ ጥሩ ነው።"

"እንግዲያው እኛ ሰፈር ሰዉ ሁሉ ጤነኛ ነው" አለች ሃዊ፤ ብላም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሻፊ ሊያጽናናት እጁን ዘርግቶ፣ ርቀት ጠብቁ የሚለው ሥርዓት ትዝ ብሎት መልሶ ሰበሰበው።

አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው ተባለ። ሻፊና ከውሲ ከበሩ ውጭ ቀሩ። ነርሶቹ አብዛኞቹ ወደ ኮሮናው ክፍል ተወስደው ስለነበር ናዕማ ብቻዋን አሥራ ሁለት አልጋ ትጠብቃለች። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሃዊን ጠርታ የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ረዥም መስመር ሳበችላት።

"ይሄ ነርቭ ነው። አባትሽ 'እጄ ተነሣ' ሲል ትዕዛዙ በዚህ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጣል።"

"መብራት አይጠፋበትም?"

"የሚሠራው በጨው ስለሆነ አይጠፋበትም። ነርቩ ግድግዳ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ከውጭ ሶዲየም ይጠብቃል። ትዕዛዝ ሲነሣ በሩ ይከፈትና ሶዲየሙ ግር ብሎ ይገባል። እሱ ሲገባ ደግሞ ቀጣዩ በር ይበረገዳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ጫፉ። ከኋላ ፖታሲየም ይወጣና ግድግዳው ለቀጣዩ ትዕዛዝ ይዘጋጃል። ይሄ ሁሉ አንዴ ዐይንሽን እስክትጨፍኚ አይቆይም።" መስመሩ ጫፍ ላይ ቆም አለች። "እዚህ ጋ ግን ያልቃል። ነርቩና ጡንቻው አይነካኩም።"

"ርቀታቸውን ጠብቀው?"

"አዎ፣ እንደ እኛ። ኤሌክትሪኩ ያቺን ክፍተት አይሻገርም። ስለዚህ ነርቩ ጫፍ ላይ ያሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይከፈቱና ኬሚካል ያፈሳሉ፤ አሴታይልኮሊን ይባላል። እሱ ተሻግሮ ጡንቻውን ሲነካው ጡንቻው ይኮማተራል። ወዲያው ደግሞ ጠራጊ መጥቶ ኬሚካሉን ይቆራርጠዋል፤ ጡንቻው አርፎ ሁለተኛውን ትዕዛዝ እንዲሰማ።"

"መርዙስ?"

"መርዙ ጠራጊውን ጠፍሮ አሰረው። ኬሚካሉ ይፈሳል፣ የሚጠርገው የለም። ምራቁ፣ ላቡ፣ ሳንባው፣ ሁሉም 'ሥሩ፣ ሥሩ' የሚል ትዕዛዝ ብቻ ነው የሰሙት። አትሮፒን የዕጢዎቹን ጆሮ ደፈነልን። የጡንቻውን ጆሮ ግን አይደፍንም። ለሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ፤ እኛ ጋ የለም።" ናዕማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቀን ከሌሊት የተንኳኳ በር፣ ሃዊ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቱ መክፈት ያቆማል። ሰውየው ድኗል ሲባል፣ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጡንቻው ዝም ሊል ይችላል። መጀመሪያ አንገት ነው። ከአንገት ቀጥሎ መተንፈሻው ነው። ስለዚህ በየሰዓቱ ራሱን ከትራሱ እንዲያነሳ ጠይቂው። ያነሳ እንደሆነ ደህና ነው።"

ሃዊ ካርቶኑን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። በየሰዓቱ ጠየቀች። በየሰዓቱ ፈየራ ራሱን አነሳ፤ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እየሳቀ፣ ሌሊቱን እየተሳደበ።

ሐሙስ ጠዋት አእምሮው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ፀሐይዋ በመስኮቱ አልጋው ድረስ ገብታለች። ገንፎ አማረኝ አለ። ሻፊ ከበሩ ሾርባ በፔርሙዝ ላከ፤ ሃምሳ አለቃም "ግዳጁን በጀግንነት ተወጥታለች በሉልኝ" ብለው በጠባቂው አፍ ላኩ። ፈየራ ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ከቀመሰ በኋላ አገጩን አዞረ።

"ሃዊኮ፣ ልጄ፣ ማን ነው ያጠበኝ?"

"ሃምሳ አለቃ ፀሐዩ" አለች፣ ዐይኗን ሾርባው ላይ አድርጋ።

"የሃምሳ አለቃ እጅ እንዲያ ይለሰልሳል?"

ማንኪያውን መልሳ ሾርባው ውስጥ አጠለቀች። ፈየራም ጣሪያውን እያየ "ይሁን" አለ። "ድንቅነሽ እንዳትሰማ ብቻ። መርጫዬስ?"

"ቆርጬዋለሁ።"

"ደግ አደረግሽ።"

ድምፁ ቀጠነባት። በአፍንጫው የሚወጣ ዓይነት ሆኗል። ሃዊ ማንኪያውን አስቀመጠች። ሰዓቱ ገና አልደረሰም፤ ሩብ ሰዓት ይቀራል።

"አባዬ፣ ራስህን ከትራሱ አንሳ።"

"አሁን አይደል እንዴ ያነሳሁት? ሰለቸኝ።"

"አንሳ እንጂ። ለኔ ስትል።"

ፈየራ ጥርሱን ነከሰ። ግንባሩ ላይ ሥር ተገተረ።

"ይኸው" አለ። "አነሳሁ አይደል?"

ራሱ ከትራሱ አልተነቃነቀም።

"ሲስተር!" አለች ሃዊ፤ ጩኸቷ አሥራ ሁለቱንም አልጋ ቀሰቀሰ። "ሲስተር ናዕማ! አንገቱ!"

ናዕማ እየሮጠች ደረሰች። የፈየራ ሽፋሽፍት እየከበደው ነው፤ ሆዱ እንጂ ደረቱ አይነሣም። ሐኪሙ ከኮሮናው ክፍል ተጠርቶ እስኪመጣ፣ ላስቲኩን አውልቆ ሌላ እስኪለብስ፣ ናዕማ ፊኛውን አፉ ላይ ደፍና ጨመቀች። ሐኪሙ መጥቶ በአፉ ቱቦ አስገብቶ ፊኛውን አያያዘለት። ሆስፒታሉ ውስጥ የምታስተነፍስ ማሽን አንዲት ናት፤ እሷም ሌላ ሰው ላይ ተገጥማለች። ስልክ ተደወለ፤ ሌላ ቦታም የለም፣ ወረፋ አስያዙ ተባለ። ሐኪሙ አንዴ ፈየራን፣ አንዴ ግድግዳውን አይቶ ተጠርቶ ሄደ።

ከጥግ ያለው በሽተኛ ያቃስታል። ናዕማ አንድ እጇ ፊኛው ላይ፣ ዐይኗ አሥራ አንዱ አልጋ ላይ ነው። ሃዊ ፊኛውን ከእጇ ተቀበለች፤ አልጠየቀችም፣ አልተከለከለችም።

"ስትጨምቂው ደረቱ ይነሣ። ሦስት ቁጠሪ። ደግሞ ጨምቂ። አትቸኩዪ፣ አትዘግዪ" አለች ናዕማ።

"ይሰማኛል?"

"ሁሉንም ይሰማል። አንጎሉ ደህና ነው፤ ትዕዛዙ ነው የማይደርስለት።"

ሃዊ ወደ አባቷ ፊት ጎነበሰች። ዐይኑ በጠባብ ስንጥቅ ያያታል፤ ብሌኑ ትከተላታለች።

"ሰማህ አይደል? መልስ መስጠት ስለማትችል ዛሬ ክርክሩን እኔ ነኝ የማሸንፈው" አለችው። ጨመቀች። ደረቱ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨመቀች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈየራ የሚተነፍሰው እሷ ስትሰጠው ብቻ ነበር።

ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ወለሉን ጨርሳ ግድግዳ ጀመረች። የሃዊ አውራ ጣት ደነዘዘ፤ ከዚያ አንጓዋ፤ ከዚያ እስከ ክርኗ።

"ሲስተር" አለች ሳትዞር፣ "ሰውነቱ አዲስ ጠራጊ እስኪሠራለት ስንት ቀን ነው?"

ናዕማ የሌላ በሽተኛ ግሉኮስ እያስተካከለች ቆመች። መዋሸት አማራት፤ ልጅቷ ግን ካርቶኑን ጡቷ ሥር ይዛዋለች።

"አሥር" አለች። "ምናልባት አሥራ አምስት።"

ሃዊ ቀኝ እጇን አላቀቀች፣ ፊኛውን ወደ ግራዋ አሻገረች፣ ጨመቀች።